መቀየሪያው የበላው የአምባር ድምፅ

ጅግጅጋ
ጥቅምት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ አይዳ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ባለሽበት በሮተርዳም ይድረስሽ። የአገሩ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ አጎትሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉልበቴን አልፎ አልፎ ከሚይዘኝ በቀር ደህና ነኝ። ጎረቤታችን ማርያንም ሰላም በልልኝ ብላለች። በስልክ ቁርጥራጭ መልእክት ከመወራወር እንዲህ ወግ ባለው ደብዳቤ ብንጻጻፍ ይሻላል ያልኩሽን እንዳትረሺ። በኢሜይል ቢላክም ደብዳቤ ደብዳቤ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የዕቃ ሣጥን ሳራግፍ የወለተሐናን ካሴት አገኘሁት። አንቺ ያኔ ስላልነበርሽ ታሪኩን ልንገርሽ። በ1986 ዓ.ም. ደምበል ላይ የስብሰባና የሠርግ ድምፅ ማጉያ ሥራ ተደራርቦብኝ፣ ከነስፒከሮቼ ወራት ቀርቼ ነበር። በዚያ ዘመን የማርያን ቤተሰቦች ጅዳ ላለው ወንድማቸው ወሬያቸውን የሚልኩት በካሴት እየቀዱ ነው፤ ብዙ የሶማሌ ቤተሰብ እንዲያ ያደርግ ነበር። ሚስቴም ከእነሱ አይታ፣ «የእኔስ ባል የድምፅ ሰው አይደለም ወይ?» ብላ አንድ ካሴት ሙሉ አውርታ በጭነት መኪና ላከችልኝ። የማርያን ፍየል ያሰጣችውን ቀሚስ እንደበላባት፣ ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ ከስፒከር ፊት እንዳልቆም፣ ምኑ ቅጡ። ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ድምፅዋ የቀረኝ እሱ ላይ ብቻ ነው።

ወለተሐና ስታወራ እጇ አያርፍም ነበር፤ ይህን አንቺም ታስታውሺያለሽ። እጇ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አምባሮቿ ይንሿሿሉ። እነዚያ ቀጫጭን የብር አምባሮች እሷና ማርያን ሐርተሼክ ድረስ ሄደው፣ ገበያው በደመቀበት ጊዜ፣ አንድ ደርዘን ገዝተው እኩል የተካፈሏቸው ናቸው። ሚስቴ ቤት መግባቷን የማውቀው በኮቴዋ ሳይሆን በአምባሯ ነበር። የማርያንም አምባር ድምፁ ያው ስለሆነ፣ ማንኛቸው እንደመጡ የሚለይልኝ ሲናገሩ ብቻ ነበር። ወለተሐና ካረፈች ወዲህ ግን ማርያን አምባሯን አውልቃለች። ከቀን አንድ ጊዜ ሳታየኝ አትውልም፤ በሩን ከፍታ ስትገባ ግን ድምፅ የላትም። ለእኔ ሐዘን ብላ መሆኑ ስለገባኝ አንድም ቀን አንስቼባት አላውቅም። በልቤ አመሰግናታለሁ።

ካሴቱ ሳይበላሽ ድምፁን ወደ ላፕቶፑ ላስገባው ብዬ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ገመድ ዘረጋሁ። የወጣው ነገር ወፍጮ ቤት ውስጥ የተቀዳ ይመስላል። ከሥር የሚያጉረመርም ነገር አለ፣ ድምፅዋ ታፍኗል፣ አምባሩ ደግሞ ጭራሽ የለም። አንቺ የምትሠሪበት ቤተ መዛግብት ውስጥ አሮጌ ካሴት ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ክፍል አለ ብለሽኝ ነበር። እነሱ በምን እንደሚሠሩ ጠይቂልኝ። ድምፅዋን ብቻ ብፈልግ ኖሮ በዚህም በተጽናናሁ። አምባሩን የሰማሁ ዕለት ግን ሚስቴ ቤት ገባች ማለት ነው።

በያለሽበት የእግዚአብሔር እጅ አይለይሽ።

አጎትሽ ሀብተየስ


ሮተርዳም
ኅዳር 1 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ሀብተየስ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ለጤናዎ፣ ለጉልበትዎ፣ ለደጅዎ ሁሉ ሰላም ይሁን። እኔ ከልጆቼ ጋር ደህና ነኝ። ብርዱ እንደ ወትሮው ነው፤ ለምደነዋል።

ደብዳቤዎን ለድምፅ ክፍሉ ባልደረባዬ ተርጉሜ ነገርኩት። «ሰውየው ሁሉንም በትክክል ሠርተዋል፤ ጥፋቱ የላፕቶፑ ነው» አለ። የላፕቶፕ የማይክ ቀዳዳ የተሠራው ለወሬ ያህል ነው። ድምፁን ወደ ኮምፒውተር ቋንቋ የሚለውጠው ክፍል እዚያው ውስጥ፣ ከማራገቢያውና ከኤሌክትሪኩ ጋር ተጣቦ ስለተቀመጠ የእነሱን ጩኸት ሁሉ ይሰበስባል። መፍትሔው ያንን ሥራ ከላፕቶፑ ውጭ ማድረግ ነው። ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ፣ ክብሪት የሚያህል መቀየሪያ አለ። ለተሥላሴ የምትባል ጓደኛዬ ዘመዶቿን ለመጠየቅ ድሬዳዋ ስለምትሄድ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ፤ ከዚያ ወደ ጅግጅጋ የሚመጣ ሰው አይጠፋም።

ሁለት ነገር ብቻ አደራ። ገመዱን ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ሳይሆን ቴፑ ጀርባ ካለው መውጫ ያንሱት። ሲቀዱ ደግሞ የላፕቶፑን ቻርጀር ይንቀሉ፤ ያ ጉርምርምታ ብዙ ጊዜ ከቆጣሪው መብራት የሚመጣ ነው። ሲጨርሱ ለእኔም ይላኩልኝ። የእትዬ ወለተሐናን ድምፅ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ።

ማርያንን እጅ ነስቻለሁ ይበሉልኝ።

የምትወድዎ አይዳ


ጅግጅጋ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተወደድሽው አይዳ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ፤ ልጆችሽን እግዚአብሔር ያሳድግልሽ። መቀየሪያው ደርሶኛል። ለተሥላሴ ጨዋ ልጅ ናት፤ ድሬዳዋ ላይ ለሚታወቅ ሹፌር ሰጥታ፣ እሱም ከቤቴ ድረስ አመጣልኝ። በመጀመሪያ ሳየው ንቄው ነበር። በእኔ ዘመን ድምፅን የሚያስተካክል ዕቃ ሁለት ሰው ነበር የሚሸከመው።

እንዳልሽው ከቴፑ ጀርባ አንስቼ፣ ቻርጀሩን ነቅዬ ቀዳሁ። ያ ጉርምርምታ ቢላ እንደቆረጠው ጥርግ አለ። ወለተሐና ከፊቴ ተቀምጣ የምታወራ መሰለኝ። ፍየሏን ስትረግም ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳላስበው አለቀስኩ። አንቺን ለማስለቀስ አይደለም የምነግርሽ፤ ዕቃሽ ሥራውን እንደሠራ እንድታውቂ ነው። ፋይሉን ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ።

አምባሩ ግን የለም። ከመቅዳቴ በፊት ካሴቱን የሚያነበውን የቴፑን ሄድ በስፕሪት ጠርጌዋለሁ፣ ብሎኑንም በትንሿ መፍቻ አስተካክዬዋለሁ፤ ይህን ለእኔ የሚያስተምረኝ የለም። ስለዚህ ካሴቱ ላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ መንገድ ላይ የሚበላው መቀየሪያው ነው። ማርያንን አስቀምጬ አሰማኋት። «ወላል፣ ይሰማል እኮ» አለችኝ። ወላል የምትለኝ በሶማልኛ ወንድሜ ማለቷ ነው። «አንቺ የምትሰሚው ከልማድ ነው፤ አምባሩን ስለምታውቂው ጭንቅላትሽ ይሞላልሻል» አልኳት። ስፒከሮቼን ገዝቶ አሁን የከተማውን ሠርግ የሚያደምቀው ዐብዲሰላም መጥቶ ሰምቶ፣ «ልክ ነህ ጋሼ፣ አምባሩ የለም» አለኝ። እሱ የሙያ ሰው ነው፤ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ።

እስቲ ባልደረባሽን ጠይቂልኝ። መቀየሪያው ቀጭን ድምፅ እንዲያሳልፍ የሚደረግ ነገር አይጠፋም።

መልካም ገና ያድርግላችሁ።

አጎትሽ ሀብተየስ


ሮተርዳም
ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሀብተየስ፣

በዓሉን እንዴት አለፉት? ጥምቀቱስ እንዴት ነበር? ጤናዎን አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ፋይሉን ትራም ውስጥ ሆኜ ከፈትኩት። የምወርድበትን ፌርማታ አልፌ መጨረሻው ድረስ ሄድኩ። እትዬን በእውን ያገኘኋት ነው የመሰለኝ። ለመመለስ የዘገየሁት ምን ብዬ እንደምጽፍ ስላጣሁ ነው።

ስለ መቀየሪያው ባልደረባዬ የሚለው እንዲህ ነው። ላፕቶፑ አዲስ ዕቃ ሲሰካበት ለሁሉም በሚሆን የራሱ ድራይቨር ያሠራዋል፤ ድራይቨር ማለት ኮምፒውተሩና ዕቃው የሚግባቡበት ፕሮግራም ነው። የመቀየሪያው ፋብሪካ ያዘጋጀው የራሱ ድራይቨር ስላለ እሱን ቢጭኑት ይሻላል፤ ማውረጃውን ከታች ጽፌልዎታለሁ። በድምፁ ማስተካከያ ገጽ ላይ ደግሞ «ጫጫታ ቀንስ» የሚል ምልክት በርቶ ካገኙት ያጥፉት። እሱ ለስልክ ወሬ እንዲመች የተሠራ ስለሆነ፣ የሰው ቃል ያልሆነውን ሁሉ እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ሊጠርግ ይችላል።

ግን ጋሼ፣ ካሴቱን ደጋግመው አያጫውቱት። የሠላሳ ዓመት ዕቃ ነው። እስካሁን የቀዱት በጣም ጥሩ ነው። እውነቴን ነው፣ በጣም ጥሩ ነው።

የምትወድዎ አይዳ


ጅግጅጋ
የካቲት 16 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተወደድሽው አይዳ፣

በመጀመሪያ እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጾሙንም በደንብ ይዤዋለሁ።

ድራይቨር የተባለውን ለማውረድ ኔትወርኩ አሳሬን አሳየኝ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ይቆማል፣ እንደገና ከሥር ይጀምራል። በኋላ ዐብዲሰላም ከሱቁ ሆኖ አውርዶ በፍላሽ አመጣልኝ። እኔው ራሴ ጫንኩት፣ ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁት። ያልሽው «ጫጫታ ቀንስ» በርቶ ነበር። ሳየው፣ ሌባው ተያዘ ብዬ ደስ አለኝ። የሚስቴን አምባር ቆሻሻ ነው ያለው ማን ሆነና? አጠፋሁትና እንደገና ቀዳሁ።

የለም። ድምፅዋ ይበልጥ ሞቅ አለ፣ ያንን አልክድም። አምባሩ ግን የለም። ገመዱን ቀይሬ ቀዳሁ፣ መቀየሪያውን በሌላኛው የዩኤስቢ ቀዳዳ ሰክቼ ቀዳሁ። ማውዙን ነቅዬ ሁሉ ሞክሬያለሁ። ካልሆነ ምን ያደርግልኛል ብዬ እስካሁን የቀዳሁትን በሙሉ ከላፕቶፑ ሰርዤዋለሁ። ጎደሎ ነገር ማስቀመጥ አልወድም። ከሥራ ሳልወጣም እንዲሁ ነበርኩ፤ አንድ ስፒከር ቢያንቋርር ሠርጉ አይጀመርም።

አንድ ነገር ብቻ ቅር አሰኝቶኛል። ቴፑን ስከፍተው ሄዱ ላይ ቡናማ ብናኝ አገኘሁ። ጠርጌዋለሁ። አንቺ ግን ከዚህ የተሻለ፣ ባለሙያ የሚጠቀምበት መቀየሪያ ካለ ፈልጊልኝ። ካሴቱ ሳይቀድመኝ ልጨርሰው።

ማርያን ትናንት መጥታ ነበር። ስለዚህ ነገር ሳወራት አቀርቅራ ጋርባሳር የሚሉትን ሻርፗን ታስተካክላለች። እሷንም አምባሩ ናፍቋት ይሆናል።

አጎትሽ ሀብተየስ


ሮተርዳም
ሚያዝያ 10 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሀብተየስ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረስዎ። ለማርያንና ለቤተሰቧም የረመዳን ጾማቸው የተቃና ይሁን ይበሉልኝ።

ይህን ያህል በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጽፌ ጽፌ የምተወው እየበዛ ነው።

የተሻለ መቀየሪያ ገዝቼ በሐርጌሳ በኩል በሚመላለስ ነጋዴ ልኬዋለሁ። ባልደረባዬ ራሱ የሚሠራበት ዓይነት ነው። ነገር ግን ያ ቡናማ ብናኝ የካሴቱ ገላ ነው፤ ድምፁ ያለው እሱ ላይ ነው። ባጫወቱት ቁጥር ከእትዬ ድምፅ ትንሽ ትንሽ ይረግፋል ማለት ነው። እባክዎ ጋሼ፣ ያሳርፉት። አዲሱም ዕቃ ቢደርስዎ፣ እኔ እስክጽፍልዎ ድረስ አይቅዱ።

ደግሞ ዝም ብዬ ልጠይቅዎ፤ ስልክዎ ሌላ ክፍል ሆኖ ሲጠራ ይሰማዎታል?

የምትወድዎ አይዳ


ጅግጅጋ
ግንቦት 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአይዳ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

አዲሱ መቀየሪያ ደረሰ። ቆንጆ ዕቃ ነው፤ ብረቱ፣ ክብደቱ፣ መዘውሩ ሲዞር ያለው ልስላሴ ሁሉ ደስ ይላል። አትቅዳ ብለሽኝ ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ዝም ማለት ለእኔ ከባድ ነው። ካሴቱን ከተትኩት። ፍየሏ ጋ ሲደርስ ድምፅዋ ተንቀራፈፈ፣ ከዚያ ዝም አለ። ስከፍተው ክሩ ጎማው ላይ ተጠምጥሟል። ቀስ ብዬ ላወጣው ስል ተበጠሰ። የወጣውም ተጨማድዶ እንደ ጎመን ቅጠል ሆኗል። በፕላስተር ብቀጥለውም የሚያወጣው ማንኮራፋት የመሰለ ድምፅ ነው።

ያለችኝ እሷ ነበረች። የቀዳሁትን ሰርዤዋለሁ፤ ካሴቱም አለቀ። በሙያዬ ስንት ሰው አስተናግጄ፣ የራሴን ሚስት ድምፅ በገዛ እጄ ጨረስኩት። ከዚህ በኋላ ምንም ዕቃ አትላኪልኝ።

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ጆሮዬ ደህና ነው። አስፋልት ማዶ ያለ ትራንስፎርመር ሲያጉረመርም ከአልጋዬ ሆኜ እሰማለሁ። የስልክ ጥሪ ግን የዛሬ ዘመን ስልክ ጥሪው ደካማ ስለሆነ አያስታውቅም።

ሀብተየስ


ሮተርዳም
ግንቦት 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩና ለምወድዎ ጋሼ ሀብተየስ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬ መጀመሬን አይቀየሙኝ። እትዬ አልጠፋችም። በታኅሣሥ የላኩልኝ ፋይል እኔ ዘንድ አለ። በሁለት ቦታ አስቀምጬዋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋርም መልሼ ልኬልዎታለሁ። ከመጀመሪያው ቃሏ እስከ መጨረሻው ሙሉ ነው።

አምባሩም አለ፣ ጋሼ።

ያን ዕለት ትራም ውስጥ ከድምፅዋ ቀድሞ የሰማሁት አምባሩን ነው። ፍየሏን ስትረግም እንዴት እንደሚንሿሿ፣ ጣሪያው ያፈሳል ብላ ወደ ላይ ስትጠቁም እጅጌዋ ላይ ተንሸራቶ እንዴት ዝም እንደሚል፣ ሁሉም ግልጽ ነው። ያች የመጀመሪያዋ ትንሿ መቀየሪያ አንድም ነገር አልበላችም። ባልደረባዬም ሰምቶ፣ ከዚህ የተሻለ አይቀዳም ብሎኝ ነበር።

እንግዲህ የማይሰማው መቀየሪያውም፣ ድራይቨሩም፣ ገመዱም አይደለም። ዕድሜ ልክዎን ከስፒከር አጠገብ ነው የኖሩት። እንዲህ ያለ ጆሮ ወፍራሙን እንደ ድሮው ይሰማል፤ ትራንስፎርመሩን የሚሰሙት ለዚያ ነው። የሚሄድበት ቀጭኑ ነው። በከተማው ሁሉ በጆሮዎ ለሚታወቁት ለእርስዎ ይህን የምናገርበት አፍ አጣሁ። በዚያ ፈንታ ዕቃ መላክ ቀለለኝ። ካሴቱ መጎዳቱን ስሰማ ግን ዝምታዬ ምን እንዳደረገ ገባኝ። እጅግ አዝኛለሁ።

የሚቆጡኝ ከሆነ ይቆጡኝ፤ ብቻ ይጻፉልኝ።

አይዳ


ጅግጅጋ
ሰኔ 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ አይዳ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? አዲሱን ክረምት በሰላም ያሳልፈን። ብዙ ዝም አልኩሽ። ተቆጥቼ ነበር፤ አልዋሽሽም። መጀመሪያ ያልሽውን አላመንኩም። ሽማግሌ ለማጽናናት ያመጣችው ዘዴ ነው አልኩ።

ፋይሉን ከፍቼ ሰማሁት። ለእኔ ያው ነው፣ አምባር የለውም። መቅጃው ፕሮግራም ግን ድምፁን እንደ ሥዕል ይስለዋል። በሥራ ዘመኔ ጆሮዬ ሲጠራጠር የማየው የድምፁን መጠን የሚያሳየውን የቴፑን መርፌ ነበርና፣ እስቲ ብዬ ሥዕሉን አፍጥጬ አየሁት። በቃልና በቃል መሃል፣ እሷ ትንፋሽ በምትወስድበት ቦታ፣ ለእኔ ጸጥታ ነው። ሥዕሉ ላይ ግን ቀጫጭን እሾህ የመሰሉ ነገሮች በቅለዋል።

ማርያንን ጠራኋት። «አንዲት ቃል እንዳትናገሪ፤ አምባሩ በተሰማሽ ቁጥር ጣትሽን አንሺ» አልኳትና ከጎኔ አስቀመጥኳት። እኔ ሥዕሉን አያለሁ፣ እሷ ግድግዳውን ታያለች። እሾኹ ባለፈ ቁጥር ጣቷ ከጋርባሳሯ ሥር ብቅ ይላል። አንድም ጊዜ አልሳተችም። መጨረሻ ላይ እያለቀሰች ነበር የምታነሳው። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት፣ «ነግሬህ ነበር፤ ከልማድ ነው አልከኝ» አለች። እውነቷን ነው። ዐብዲሰላምን ስጠይቀው ደግሞ፣ «ጋሼ፣ አንተ የለም ያልከውን ድምፅ እኔ አለ ልል ነው?» አለኝ።

ከዚያ ያንቺን ደብዳቤዎች እንደገና አነበብኳቸው። ድራይቨር ጫን ብለሻል፣ ምልክቱን አጥፋ ብለሻል፣ ካሴቱን አሳርፍ ብለሻል። እኔም አልሰማሁትም ያልሽበት ግን የለም። መዋሸት ሳትችዪ፣ እውነቱንም መናገር ሳትችዪ መሃል ላይ ስትሰቃዪ ኖረሻል። ካሴቱን የበላው የእኔ እልህ ነው፤ አትቅዳ ብለሽኝ ነበርና አንቺ ላይ አላላክክም። ሐዘንሽን ተዪው።

ሐረር ሄጄ ተመረመርኩ። ሐኪሟ ሶሲና የምትባል ናት፤ በየድምፁ ቅጥነት ምን ያህል እንደምሰማ የሚያሳይ ሥዕል ሰጠችኝ። እስከ መሃሉ ደልዳላ ሜዳ ነው፣ ከዚያ ገደል። የመስሚያ መሣሪያ ከገደሉ ጥቂቱን ይመልሳል ብላኛለች። ዕቃ አትላኪልኝ ያልኩሽን አንስቻለሁ። ሥዕሉን አያይዤዋለሁ።

አጎትሽ ሀብተየስ


ሮተርዳም
ሐምሌ 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድዎ ጋሼ ሀብተየስ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ደብዳቤዎን ሳነብ ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ወረደልኝ።

መሣሪያው በሐረሩ ሥዕል ልክ ተስተካክሎ ተሠርቷል፤ ያው ነጋዴ ይዞት እየመጣ ነው። ይህም መቀየሪያ ነው፤ ሌሎቹ ላፕቶፑ ላይ ይሰኩ ነበር፣ ይኸኛው ጆሮዎ ላይ ይሰካል። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ይጮኽብዎታል አሉ። ቶሎ ተስፋ እንዳይቆርጡ። ባልደረባዬ ሁሉም እንደ ድሮው ይመለሳል ብለሽ ቃል እንዳትገቢ ብሎኛል፤ ስለዚህ አልገባም።

ፋይሉን ሲሰሙ ምን እንደሰሙ ይጻፉልኝ። ምንም ባይሆንም ይጻፉልኝ።

የምትወድዎ አይዳ


ጅግጅጋ
ነሐሴ 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ አይዳ፣

ሰላምታዬ ከነምርቃቱ ይድረስሽ፤ ውለታሽ ከልጆችሽ ያግኝሽ። ፍልሰታን በሰላም ፈታን። ዝናቡ ዘንድሮ ጥሩ ነው።

መሣሪያው ከመጣ ቆይቷል፤ ጆሮዬ ላይ ለማድረግ ግን ፈራሁ። ሳላደርገው፣ ባደርገው ኖሮ እሰማት ነበር ማለት እችላለሁ። አድርጌው ካልሰማኋት ምን እላለሁ? ትናንት ጠዋት ግን ራሴን ታዘብኩት። ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ ስፒከሩን አስተካከልኩ፣ ፋይሉን አወጣሁ፣ ከዚያ መሣሪያውን ሰካሁት።

እንዳልሽው ሁሉም ጮኸብኝ። የጋዜጣ ወረቀት እንደዚያ እንደሚንኮሻኮሽ ረስቼው ኖሯል። ቆርቆሮው ላይ የሚያርፍ ወፍ ጥፍር እንዳለው ረስቼ ኖሯል። ራሴን ይዤ ትንሽ እስኪረጋ ተቀመጥኩ። ከዚያ ፋይሉን ላስጀምር ጣቴን አሳረፍኩ።

ገና ሳልጫነው አምባሩ ተሰማኝ።

ከላፕቶፑ አይደለም። ከኋላዬ፣ ከግቢው በር በኩል ነው። ተንሿሿ፣ ዝም አለ፣ ደግሞ ተንሿሿ፣ ወደ ቤት ቀረበ። ልዞር አልቻልኩም። ለዚያች ለጥቂት ጊዜ፣ አይዳዬ፣ ስድስቱ ዓመት አልነበረም። ሚስቴ ከገበያ ገባች፣ አለቀ።

«ወላል፣ ቁርስህን በልተሃል?» አለች ማርያን።

ዞር ብዬ «እጅሽን ስጪኝ» አልኳት። ግራ እየተጋባች ሰጠችኝ። እጅጌዋ እስከ መዳፏ ይወርዳል፤ ገለጥ ሳደርገው አምባሮቹ ሁሉም አሉ። «እነዚህን መልሰሽ ያደረግሻቸው መቼ ነው?» አልኳት።

«መቼ አወለቅኳቸው?» አለችኝ።

ያን ሁሉ ዘመን በልቤ ሳመሰግናት የኖርኩት ባልዋለችው ውለታ ነው። ይህንንም ነገርኳት። እስክትደክም ሳቀች። እጇን ስታነሳ ስታወርድ እኔ አዳምጣለሁ። ያ ድምፅ ከወለተሐና ሞት በኋላ በየቀኑ በዚህ በር ሲገባ፣ እኔ ካሴት ውስጥ ነበር የምፈልገው።

ምን እንደሰማህ ጻፍልኝ ብለሽኝ ነበር። ፋይሉን ገና አልከፈትኩትም። አንድ ቀን እከፍተዋለሁ፤ ችኮላ የለኝም። አሁን በሩን ክፍት አድርጌ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። ማርያን የምትመጣበት ሰዓት ነው።

አጎትሽ ሀብተየስ